ሊፈልጋችሁ ለሚወጣው ሰው ብላችሁ

ልጆቼ፣ ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከሥሩ ልጀምር። ወደ እኛ አገር፣ ወደ ስሜን ተራሮች የምትመጡ ወጣቶች ሁለት ዓይነት ናችሁ። አንዳንዶቻችሁ ከወር በፊት ጠይቃችሁ፣ አዲስ ጫማችሁን በየሰፈራችሁ ዳገት አለማምዳችሁ፣ ስንቃችሁን ቆጥራችሁ ትመጣላችሁ። ሌሎቻችሁ ግን ሐሙስ ማታ ጓደኛ ይደውልላችኋል፤ ዓርብ በአውሮፕላን ጎንደር ትወርዳላችሁ፤ ቅዳሜ ጠዋት ደባርቅ ላይ ቡና ጠጥታችሁ በሸራ ጫማና በጂንስ ሱሪ ወደ ሳንቃ በር ማደሪያ ትጣደፋላችሁ። ለብልህ አይነግሩም፣ ለአንበሳ አይመትሩም፤ የዛሬው ምክሬ ለሁለተኞቹ ነው።

እኔ ተወልጄ ያረጀሁት በዚሁ ደጋ ነው። እረኛ ሆኜ አድጌ፣ በቅሎ እየነዳሁ የስንቱን መንገደኛ ጓዝ አመላልሻለሁ። ጉም የዋጠውን ሰውም ከጎረቤቶቼ ጋር ወጥቼ ፈልጌያለሁ። ስለ ብርድ የምነግራችሁ በእጄ የዳሰስሁትን ነው፤ ሐኪሞች የሚሉትንም ጠይቄ ከራሴ ጋር አመሳክሬዋለሁ።

በመጀመሪያ የአገሩን ጠባይ እወቁት። ከፍታ በጨመረ ቁጥር ሙቀት ይቀንሳል፤ በየ1,000 ሜትሩ 6 ዲግሪ ገደማ። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር አካባቢ ናት። ሳንቃ በር 3,250 ሜትር ላይ ነው። ግጭና ጨነቅ 3,600 ሜትር ገደማ ናቸው፤ ቧሂት ከ4,400፣ ራስ ዳሸን ከ4,500 ሜትር ያልፋሉ። እንግዲህ አስሉት። ቦሌ ላይ ሹራብ ደርባችሁ «ዛሬስ እንዴት ይበርዳል!» ባላችሁበት ሌሊት፣ ጨነቅ በድንኳን ያደረ ሰው ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ውሃ መርጋት ጀምሯል። ራስ ዳሸን ጫፍ ላይ ከአዲስ አበባ ያለው ልዩነት ከ12 ዲግሪ በላይ ነው፤ ያውም ንፋሱን ሳትቆጥሩ። ባሌ፣ ሳነቴ ላይ ደግሞ በበጋ ሌሊት ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ የሚወርድበት ጊዜ አለ።

«በበጋ» ያልሁትን አስተውሉልኝ። ብዙ ሰው ክረምቱን ይፈራና በጋውን ይንቃል። ኅዳር፣ ታኅሣሥና ጥር ላይ ሰማዩ ጥርት ሲል ቀን ፀሐይ ፊት ይልጣል፤ ማታ ግን ደመና የሌለበት ሰማይ የምድሩን ሙቀት ይዞ አይቆይም። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ጣት መደንዘዝ ይጀምራል፤ ሲነጋ ጓሳው በውርጭ ነጭ ሆኖ ይታያል። እናንተ ከመምጣታችሁ በፊት ያያችሁት ፎቶ ግን ሁሉም በቀትር የተነሣ ነው። ጭላዳው ፀሐይ እየሞቀ፣ ጅብራው ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ ሰማዩ ሰማያዊ ሆኖ። ልብ ካላየ ዐይን አያይም።

ሁለተኛው የአገሩ ጠባይ ጉም ነው። ከሰዓት በኋላ ከቆላው የተነሣ ጉም ገደሉን ተከትሎ ሽቅብ ይወጣል። ሲመጣ አይጮህም፤ ፊት ለፊታችሁ የነበረው ቋጥኝ መጀመሪያ ይደበዝዛል፣ ከዚያ ይጠፋል፣ ከዚያ ጓደኛችሁ በአሥር እርምጃ ርቀት አይታይም። እዚህ ገደሉ እስከ 1,500 ሜትር ቁልቁል የሚወርድበት ቦታ አለ፤ መንገዱም በብዙ ቦታ በገደሉ አፋፍ ነው የሚያልፈው።

አሁን ስለ ልብስ። እዚህ ላይ ልቆይ፣ ብዙ ሰው የሚጎዳው በዚህ ነውና። ጋቢ እወዳለሁ፤ ያለ ጋቢ ደጄ ላይ አልቀመጥም። ነገር ግን ጋቢ ጥጥ ነው። ደረቅ ሲሆን ያሞቃል፤ ሲርስ ውሃውን ጠጥቶ ይከብዳል፣ ገላ ላይ ይጣበቃል፣ ሙቀት ይመጥጣል። ጂንሱም ጥጥ ነው፤ ካናቴራውና ካልሲውም እንዲሁ። ውሃ ከአየር ይልቅ 25 እጥፍ ገደማ ፈጥኖ ሙቀትን ከገላ ይወስዳል ይላሉ አዋቂዎቹ። አባቶቻችን ቁጥሩን ባይሉትም ነገሩን በኑሯቸው ያውቁታል። የደጋ ሰው ከበግ ፀጉር ባና የሚያሠራው፣ አቅም ያለው በርኖስ የሚደርበው፣ ዝናብ ሲመጣ ደግሞ ከላይ ገሳ የሚጥለው ለዚህ ነው። የበግ ፀጉር ቢርስም ጨርሶ ሙቀት አይነፍግም፤ ገሳው ደግሞ ዝናብና ንፋሱን ይመልሳል። ባና ተሸክማችሁ ውጡ አልላችሁም። ሥርዓቱ ግን ያው ነው፤ ገላ የሚነካው ቶሎ የሚደርቅ፣ መካከለኛው የሚያሞቅ፣ የላይኛው ዝናብና ንፋስ የማያስገባ ይሁን። አንድ ሙሉ ቅያሪ ልብስና ካልሲ ውሃ በማያስገባ ነገር ጠቅልላችሁ በደንብ እሰሩ፤ ማታ ድንኳን እስክትገቡ ድረስ የፈለገው ቢመጣ አትንኩት።

ላብም ያው ውሃ ነው። ዳገት ስትወጡ ደራርባችሁ ላብ በላብ ትሆኑና፣ አናቱ ላይ ንፋሱ ሲያገኛችሁ ቆማችሁ ፎቶ ትነሣላችሁ። የምትታመሙት ያኔ ነው። ዳገቱን ከመጀመራችሁ በፊት አንድ አውልቁ፤ ለማረፍ ስትቆሙ ገና ሳይበርዳችሁ መልሳችሁ ልበሱ። ቁና ቁና እየተነፈሳችሁ አትሩጡ። እረኛ ልጆቻችን መንገድ ዳር የሚሸጡላችሁን የበግ ፀጉር ቆብም ለመታሰቢያ ብቻ አትግዙት፤ ጆሯችሁ ድረስ አድርጉት።

ይህ ሁሉ አንድ ቀን ቀደም ብሎ የሚሠራ ሥራ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ደባርቅ ሱቅ ውስጥ ገብቶ «ጓንት አለ? የዝናብ ልብስ አለ?» እያለ የሚዞረውን ወጣት ሳይ፣ ሾፌሩ ጥሩምባ ሲነፋበት የያዘውን ብቻ ይዞ ሲሮጥ፣ የዚያን ልጅ ማታ አውቀዋለሁ። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ።

ብርድ እንደ ውሃ ነው፤ እያሳሳቀ ይወስዳል። የሰው ገላ ውስጡ 37 ዲግሪ ገደማ ነው። ከ35 በታች ሲወርድ ሰውየው በብርድ ታሟል ማለት ነው። መጀመሪያ ይንቀጠቀጣል፤ ይህ ገላ ራሱን ለማሞቅ የሚያደርገው ትግል ነውና ጥሩ ምልክት ነው፣ ግን ማስጠንቀቂያ ነው። ቀጥሎ ጣቱ አዝራር መቆለፍ ያቅተዋል፤ ይደናቀፋል፤ ምላሱ ይተሳሰራል፤ ዝም ይላል፤ ወይም ያለ ነገሩ ይቆጣል። ከሁሉ የከፋው ግን ልቡናው መድከሙ ነው። ቆቡ ቦርሳው ውስጥ እያለ ማድረግ አይታየውም። «ደህና ነኝ፣ እናንተ ቅደሙ» ይላል። መንቀጥቀጡ ቆሞ ሰውየው ገና ቀዝቃዛ ከሆነ፣ ያ መዳን እንዳይመስላችሁ፤ ገላው ትግሉን እየተወ ነው።

አንድ መጋቢት፣ የበልጉ ዝናብ ከበረዶ ጋር በወረደበት ከሰዓት፣ ከእሜት ጎጎ ጫፍ ወደ ግጭ ሲመለስ ከጓደኞቹ ወደ ኋላ የቀረ ወጣት ፍለጋ ወጣን። በፊሽካና በጩኸት ስንጠራ ቆይተን በባትሪ ብርሃን ያገኘነው ከጓሳው መካከል ተቀምጦ ነው። ጃኬቱን አውልቆ፣ እጅጌውን ወደ ውስጥ መልሶ፣ በደንብ አጣጥፎ አጠገቡ አኑሮታል። የአንድ እግሩን ጫማ ፈትቷል። እጁ ሲነካ እንደ ወንዝ ድንጋይ ይቀዘቅዛል፤ እሱ ግን «ሞቆኛል፣ ተዉኝ» ይለናል። ከእኛ አንዱ ልጁ ሰክሯል ብሎ ነበር፤ አልሰከረም። ብርዱ ሲጠና እንዲህ ያደርጋል፤ ወደ መጨረሻው ሲደርስ የሚቃጠል የመሰለው ሰው ልብሱን ያወልቃል። ጓደኞቹን ጠየቅናቸው። ከመለየታቸው በፊት ሁለት ጊዜ ወድቋል፣ ሲያናግሩት ቃሉ አልጠራ ብሏቸዋል፣ ምሳውንም አልበላም። ደክሞት መስሏቸው ነበር። ክፋት የለባቸውም፤ ምልክቱን የነገራቸው ሰው ግን አልነበረም፤ እኔም ዛሬ የምዘረዝርላችሁ ለዚህ ነው።

ጉልበት ያድነናል የምትሉ ደግሞ ይህን ስሙ። ግንቦት 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በቻይና ጋንሱ ግዛት፣ ባይዪን ከተማ አጠገብ የ100 ኪሎ ሜትር የተራራ ሩጫ ተደርጎ ነበር። 172 ሯጮች ገቡበት። ጠዋት በቁምጣና በካናቴራ ተነሡ፤ የንፋስ ጃኬት መያዝ ግዴታ አልነበረም። ቀትር ላይ ተራራው ሲደርሱ ብርቱ ንፋስ፣ ዝናብና በረዶ መጣባቸው። 21 ሰው በብርድ ሞተ። ከሟቾቹ አንዱ ሊያንግ ጂንግ ነው፤ በረጅም ርቀት ሩጫ በአገሩ ስሙ የገነነ ጀግና ነበር። በዚያው ተራራ በጎች ይዞ የወጣ አንድ እረኛ ዋሻ ውስጥ ተጠልሎ ነበር፤ እሳት አንድዶ፣ ባለው ብርድ ልብስ ሸፍኖ ስድስት ሯጮችን አዳነ። ስድስት ሰው ያተረፈው ሩጫ የማያውቅ፣ ያን ቀን ተራራውን ግን የሚያውቅ ሰው ነው። ብልህ ከሌላው ስህተት ይማራል ይላሉ፤ እንዲህ ካለውም ካልተማርን ከምን እንማራለን?

ወደዚያ ወጣት ልመለስ። አልሞተም። የዳነው ግን በሰው ትከሻ ነው። ቃሬዛ ምን እንደሆነ ከከተማ የምትመጡ ብዙዎቻችሁ አላያችሁትም። ሁለት ረጅም የባሕር ዛፍ አጣና፣ በመካከላቸው የተወጠረ ጠፍር ወይም ገመድ፣ ከላዩ ባና ወይም ቆዳ፤ ይኸው ነው። አራት ሰው ይሸከማል፤ አራት ሰው ከጎን ይከተላል፤ ትከሻ ሲዝል ሳይቆሙ ይቀያየራሉ። ከፊት አንዱ ባትሪ ወይም ችቦ ይዞ መንገድ ያያል። መንገዱ ጭቃና ድንጋይ ነው፤ አንዱ ቢንሸራተት አራቱም ይወድቃሉ፣ በሽተኛውም አብሮ። በዚያ ሌሊት ከግጭ መንደር የወጡት ጎረቤቶቼ እግር ላይ የነበረው የፕላስቲክ ጫማ ነው፤ ካልሲ የለም። ከመካከላቸው በማግሥቱ የእርሻ ሥራ የሚጠብቀው አለ፣ ሚስቱ ለመውለድ የደረሰችበት አለ። ማንም «ይህ ልጅ የማን ነው?» አላለም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው እያልን አወረድነው።

ልቤ ያለው እዚህ ላይ ነው። ያለ ዝግጅት ተራራ የሚወጣ ሰው «ብሞትም እኔ ነኝ» ይላል። ውሸት ነው። አገር ቤት ሰው ጠፍቶ ቁጭ የሚል የለም፤ ይወጣሉ። በጉም፣ በገደል አፋፍ፣ በሌሊት፣ ከእናንተ ባነሰ ልብስ ይወጣሉ። በአልፕስ ተራሮች ሄሊኮፕተር ይላካል። በስኮትላንድና በእንግሊዝ ለዚሁ የሠለጠኑ የበጎ ፈቃድ ቡድኖች አሉ። በአሜሪካ ኒው ሃምፕሻየር ደግሞ በራሱ ቸልተኝነት ለአደጋ የተዳረገ ሰው የፍለጋውን ወጪ እንዲከፍል ሕጉ ይፈቅዳል። እኛ ዘንድ ሄሊኮፕተርም ሂሳብም የለም፤ ያለው የጎረቤት ትከሻ ነው። ያ ትከሻ ደግሞ እየራቀ ነው። የግጭ መንደር ነዋሪዎች ለስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ደኅንነት ሲባል እ.ኤ.አ. በ2016 ወደ ደባርቅ ተዛውረዋል። ፓርኩ በማግሥቱ ዓመት በአደጋ ላይ ካሉ የዓለም ቅርሶች ዝርዝር የወጣበት አንዱ ምክንያትም የሰውና የከብቱ ጫና መቅለሉ ነው፤ ለዋልያውና ለቀይ ቀበሮው እሰየው። ለመንገደኛው ግን ድሮ ጭሱን አይቶ የሚጠጋበት፣ ውሻው ሲጮህ አቅጣጫ የሚይዝበት ጎጆ ዛሬ እዚያ የለም። ከዱሮው ይልቅ ዛሬ ራሳችሁን ችላችሁ ልትመጡ ይገባል።

ስለ መመለስ ልንገራችሁ። ሩቅ አሳቢ ቅርብ አዳሪ ነው። አውሮፕላን ተከፍሏል፣ የሥራ ፈቃዱ እስከ ማክሰኞ ነው፣ ስለዚህ ሁለት ቀን የሚፈጀውን በአንድ ቀን እናድርገው ትላላችሁ። ጠዋት ሳትነሡ፣ ልባችሁ ሳይሞቅ፣ የመመለሻ ሰዓት ቁረጡ። እኔ ብሆን ከቀኑ 8 ሰዓት እላለሁ፤ ጫፉ ይታይም አይታይም፣ የደረሳችሁበት ደርሳችሁ ፊታችሁን መልሱ። እኛ አገር 12 ሰዓት ላይ ፀሐይ ትጠልቃለች፣ ምሽቱም አይዘገይም፤ ገና አመሻሽ ነው ስትሉ ጨልሟል። በጨለማ የሚወርድ ሰው ደግሞ በቀን ከወጣው ይልቅ ይወድቃል። ከመሞት መሰንበት፤ ከቧሂት ጫፍ አንድ ሰዓት ሲቀራችሁ መመለስ ነውር አይደለም። እኔ የማከብረው እንዲህ የተመለሰውን ነው።

የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ነው፤ ከጎናችሁ ጠመንጃ ይዞ የሚሄደውን ስካውት እንደ ጠባቂ ብቻ አትዩት። እሱ ሰማዩን ሲያይ እናንተ የማታዩትን ያያል። አንድ ነገር ግን እወቁ፤ የእኛ ሰው እንግዳ ማስቀየም አይወድም። «መሄድ እንችላለን?» ብላችሁ ብትጠይቁት «ትችላላችሁ» ይላችኋል፤ ፈልጋችኋላ! እንዲህ ብላችሁ ጠይቁት፦ «የራስህ ልጅ ቢሆን ዛሬ ትለቀዋለህ?» ከዚያ አፉን ብቻ አትስሙ፣ ፊቱንም እዩ። ዝም ካለ መልሱ ተሰጥቷችኋል።

ስንቅን በአጭሩ ልለፈው። የሚበላ ገላ ይሞቃል፤ ያልበላ ቶሎ ይበርደዋል። በሶ በስኳር፣ ዳቦ ቆሎ፣ ቆሎ፣ ቴምር በኪሳችሁ ይኑር፤ ሳይርባችሁ በየመንገዱ ቅመሱ። ውሃ ባይጠማችሁም ጠጡ። አረቄ ያሞቃል የምትሉትን ተዉት። አረቄ ቆዳ ሥር ያለውን ደም ሥር ከፍቶ የውስጡን ሙቀት ወደ ውጭ ያወጣል፤ የሞቀ ይመስላል እንጂ እየቀዘቀዘ ነው። አረቄ የምንጠጣው ቤት ገብተን፣ እሳት ዳር ነው።

ከፍታም ራሱን የቻለ በሽታ አለው። አዲስ አበባ መኖር ይረዳል፣ ግን አያድንም። ደባርቅ አንድ ሌሊት እደሩ፤ ከ3,000 ሜትር በላይ ስትሆኑ የዛሬው መኝታችሁ ከትናንቱ ከ500 ሜትር በላይ አይብለጥ። ራስ ምታት ከማቅለሽለሽ ጋር ከመጣ አትውጡ፤ ከባሰ ውረዱ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

ሰው ቢበርድባችሁስ? መጀመሪያ ከንፋስ አስጠጉት፤ ከቋጥኝ ጀርባ ወይም ድንኳን ውስጥ። ከመሬት አለያዩት፤ ቦርሳ፣ ገመድ፣ ጓሳ፣ ያገኛችሁትን ከሥሩ አንጥፉ፣ መሬቱ ከንፋሱ ባልተናነሰ ሙቀት ይስባልና። እርጥቡን አውልቃችሁ ደረቅ አልብሱት፤ ራሱንና አንገቱን ሸፍኑ። ንቁ ከሆነና መዋጥ ከቻለ ትኩስ ሻይ በብዙ ስኳር ስጡት። አንድ ጤነኛ ሰው አብሮት ብርድ ልብስ ውስጥ ይግባ። እጅና እግሩን አትሹት፤ እሳት ላይም አታስጠጉት፤ ቀዝቅዞ የደነዘዘ ቆዳ ሲቃጠል አይሰማውም። ክፉኛ የቀዘቀዘውን ደግሞ እንደ ሕፃን በዝግታ አንሡት፣ ልቡ ድንገተኛ መንገላታት አይችልም። የሞተ ቢመስላችሁ እንኳ አታልቅሱ፤ በብርድ ትንፋሹ የጠፋ የመሰለ ሰው ሞቆ የተነሣበት ጊዜ አለ። ሐኪም እስኪያየው ድረስ አትተዉት።

ከጠፋችሁ ደግሞ ቁሙ። በጉም ውስጥ መንገድ ፍለጋ መሄድ ገደል ፍለጋ ነው። ያላችሁን ሁሉ ልበሱ፣ ቦርሳችሁ ላይ ተቀመጡ፣ ፊሽካ ካላችሁ ሦስት ጊዜ ነፍታችሁ አዳምጡ፣ ደግሞ ንፉ። ስልክ በብርድ ባትሪው ቶሎ ያልቃል፤ ከገላችሁ አስጠግታችሁ ያዙት፤ ለሙዚቃና ለፎቶም አትጨርሱት። ከመነሣታችሁ በፊት ደግሞ በየት እንደምትሄዱና መቼ እንደምትመለሱ ደባርቅ ላይ ለሚቀር አንድ ሰው ነግራችሁ ሂዱ። ይህን ያላደረገ ሰው መጥፋቱ የሚታወቀው በሦስተኛው ቀን ነው።

ቡድን እየሰበሰባችሁ ለምታመጡ አዘጋጆችም አንድ ቃል አለኝ። አውቶቡስ ሙሉ ሰው አምጥታችሁ ፈጣኖቹን ተከትላችሁ አትሂዱ። አባቶቻችን ሲዘምቱ ከፊት ፊታውራሪ፣ ከኋላ ደጀን ነበራቸው። ከሁሉ የደከመውን ከፊት አስቀድሙ፣ መራመጃው በእሱ ይሁን፤ ከኋላ ደግሞ ብርቱና ታማኝ ሰው አቁሙ፣ ከእሱ ኋላ ማንም አይቅር። በየማረፊያው ሰው ቁጠሩ። ከመምጣታቸው በፊትም የማን ጫማ ምን እንደሆነ ጠይቁ፤ ያልያዘውን «ለዚህ ጉዞ አትመጣም» ለማለት ድፈሩ። ገንዘቡን መመለስ ቀላል ነው። ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው የሚባለው ለአንድ ሰው ነው፤ በእናንተ እጅ ግን የብዙ እናቶች ልጆች አሉ።

እርዳታ ለመጥራትም አትፈሩ። ብዙ ልጆች «ይስቁብናል» ብለው እስኪጨልም ይቆያሉ። ከቀኑ 9 ሰዓት የጠራችሁን እንደሆነ በብርሃን መጥተን በብርሃን እንመለሳለን፤ ከምሽቱ 3 ሰዓት ከሆነ እኛም እንደ እናንተ ጉም ውስጥ ነን። የዳነውን ልጅ የምትዘልፉትም ተዉ። የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል፤ ዛሬ እሱን ስትሰድቡ ነገ የሚጠራው ሌላው አፉን ይዘጋል።

ከወረዳችሁ በኋላ የተሸከሟችሁን ሰዎች ስማቸውን ጠይቁ። ያደራችሁበት ቤት የሸፈኗችሁን ባና መልሳችሁ ሂዱ፤ ባለቤቱ የዚያን ሌሊት የሚደርበው ሌላ የለውም። በቅሎ የተከራያችሁ እንደሆነም ሒሳቡን ደባርቅ ሳትደርሱ፣ እዚያው ለባለቤቱ በእጁ ስጡት።